ሩሲያኛ በመቐለ አስፋልት ላይ

ጉዞው የጀመረው በጥቅምት ወር፣ ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከደሴ መናኸሪያ ነው። ጉሙ ገና ከጦሳ ተራራ አልተነሳም ነበር። ረዳቱ ሻንጣዬን ጣሪያው ላይ እየጫነ «መቐለ ዘመድ አለሽ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ዘመድ የለኝም። ወደ መቐለ የምሄደው ሩሲያኛ ልማር መሆኑን ለመናገር ግን አፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂኦሎጂ ተመርቄ በአንድ የውሃ መሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሳይቤሪያ ውስጥ ቶምስክ በምትባል ከተማ ሁለተኛ ዲግሪ በነፃ ለመማር አመልክቼ ወረቀቶቼ አለፉልኝ። የቀረኝ በኢንተርኔት የሚሰጥ የቃል ፈተና ብቻ ነበር። ፈተናውም በሩሲያኛ ስለ ቦታ መነጋገር ነው፤ የት ነሽ፣ ወዴት ትሄጃለሽ፣ ከየት መጣሽ፣ ከተማሽ ውስጥ ምን የት ይገኛል። ለዚህ አራት ወር በስልኬና በደብተር ብቻዬን አጠናሁ። ቀኑ ሲደርስ ጠጉራቸው የሸበተ አንዲት መምህርት በስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ፤ ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ። በትልቅ ሰው ፊት እንደሚገባው አንገቴን ደፍቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሦስቱንም መለስኩ። «ይበቃል? ወይስ እንቀጥል?» አሉኝ። «ይበቃል፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። ስክሪኑ ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን የመጣው ደብዳቤ የተናገርኩት ለመመዘን እንደማይበቃ፣ አንድ ዕድል ብቻ እንደቀረኝ፣ እሱም ከአምስት ሳምንት በኋላ ዓርብ ቀን መሆኑን ይናገራል። ያ ካለፈኝ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

አባቴ ይህን ሲሰማ መቐለ ለሚኖሩት ለአቶ ኪሮስ ደወለ። በወጣትነታቸው በጉድጓድ ቁፋሮ አብረው ሠርተዋል። አቶ ኪሮስ ቮልጎግራድ ስድስት ዓመት የተማሩ መሐንዲስ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። አባቴ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ «ትምጣ» ብለው ስልኩን ዘጉት። እኔም የዓመት ፈቃዴ እስኪሰጠኝ አራት ሳምንት ጠብቄ፣ ፈተናው ስድስት ቀን ሲቀረው ተነሳሁ።

ቅዳሜ

ከወልድያ በኋላ መንገዱ ሜዳ ነው። ቆቦ ላይ ማሽላው ራሱን ከብዶት ተዘቅዝቋል። ከአላማጣ ወዲያ ግን አውቶቡሱ ግራት ካሕሱ የሚባለውን ዳገት መጠማዘዝ ሲጀምር፣ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ዳገት አይበግረኝም ያልኩት እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት እግራቸው ሥር በጀሪካን ማር ይዘዋል። የእኔ የእጅ ቦርሳ ከጀሪካኑ ጎን ነበር። በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ጥምዝ ላይ ክዳኑ ለቀቀ።

ቦርሳዬን ሳነሳው ከሥሩ ማር ይንጠባጠባል። ውስጡ የአራት ወር ደብተሬ ነበር።

«ኧረ እኔን ይድፋኝ!» አሉ እናትየዋ። ከዚያ ደብተሩን አዩትና «ማር ነው እንጂ ጋዝ አይደለም፣ ተመስገን በይ» አሉኝ። ሳላስበው ሳቅሁ። ማይጨው ለምሳ ስንቆም ደብተሩን በውሃ ልጥረገው ብዬ ጭራሽ አበላሸሁት፤ ገጾቹ እንደ ሊጥ ተጣበቁ። ሴትየዋ በጥፋታቸው ምሳ ካልጋበዝኩሽ አሉ። እምቢ ብላቸውም ከፈሉ።

መቐለ የደረስነው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ለማያውቃት ሰው ልንገረው፤ መቐለ የድንጋይ ከተማ ናት። የእኛ ደሴ ከጭቃና ከቆርቆሮ ተሠርታ በተራራ ጎን ላይ የተንጠለጠለች ናት። ደሴ ላይ መንገድ የምናሳየው «ወደ ላይ ውጪ»፣ «ወደ ታች ውረጂ» እያልን ነው። መቐለ ግን ብዙው ሜዳ ስለሆነ ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ይላል። ይህ በኋላ ጠቅሞኛል።

አቶ ኪሮስና ባለቤታቸው አደይ ለተብርሃን መናኸሪያ ድረስ መጥተው ጠበቁኝ። አደይ የትግርኛ «እናቴ» ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይጠራቸዋል። ባልየውን ደግሞ አቦይ ይላቸዋል፤ አባቴ ማለት ነው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አቦይ ኪሮስ እላቸዋለሁ።

«እንቋዕ ብደሓን መጻእኪ!» ብለው አደይ ለተብርሃን ትከሻዬን ሳሙኝ። ወደ አማርኛ መለሱና «እንኳን ደህና መጣሽ። ለምን ትጣበቂያለሽ?» አሉኝ። እጄን ማር ነክቶት ነበር።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጥሕሎ ቀረበ። ጥሕሎ የገብስ ሊጥ በትንሽ በትንሹ ተድቦልቡሎ በቀጭን ባላ እንጨት እየተወጋ ወጥ ውስጥ የሚጠቀስ ምግብ ነው። ደሴ ውስጥ ቀምሼው አላውቅም። አምስት ያህል በልቼ እጄን ሰበሰብኩ።

«ብልዒ ጓለይ» አሉኝ አደይ ለተብርሃን፤ ብዪ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ጠግቤአለሁ፣ ይመስገን።»

«ብልዒ!»

«እውነቴን ነው።»

«እንታይ ኮንኪ? አመመሽ ወይ?» ብለው አንዱን ድብልብል ወግተው አፌ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በኋላ ሌላ አሥር በላሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜም አልጠገብኩም ነበር። በእኛ ቤት እንግዳ ሁለቴ እምቢ ሳይል አይበላም፤ ሦስተኛው ላይ ነው የሚበላው። እዚህም ያው መሆኑን ሳውቅ አገሬ ያለሁ መሰለኝ።

ሳህኑ እንደተነሳ አቦይ ኪሮስ «ደብተርሽ የት አለ?» አሉኝ። አፍሬ አወጣሁት። ሊገልጡት ሞከሩ፤ አልተገለጠም። አሸተቱት።

«ጥሩ ማር ነው። የወሎ ነው?»

«አላውቅም፣ የሰው ነው።»

«በይ ለንብ እንመልሰው» ብለው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። «ቦታን ተቀምጦ የተማረ ሰው የለም። ጫማሽን አድርጊ።»

በሩ ላይ ሕጋቸውን ነገሩኝ። ሦስት ጥያቄ አለ። «ግዴ» የት ነሽ ነው፤ «ኩዳ» ወዴት ነሽ ነው፤ «አትኩዳ» ከየት ነሽ ነው። ለእነዚህ መልስ ሳልሰጥ አንድም ደፍ አልሻገርም፤ ከክፍል ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ መንገድ። የእኛ ቋንቋ በዚህ ቀላል መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እኛ ገበያን ሳንነካ ከፊቱ አንዲት ነገር እንለጥፋለን፤ በገበያ፣ ወደ ገበያ፣ ከገበያ። ሩሲያኛ ግን ፊቱ ላይ ለጥፎም አይበቃውም፣ ጭራውንም ይለውጣል። ገበያ ላይ ካለሁ «ና ሪንክዬ»፣ ወደ ገበያ ከሄድኩ «ና ሪናክ»፣ ከገበያ ከመጣሁ «ስ ሪንካ»። ያው አንድ ገበያ በሦስት ጭራ።

«ለምን ገበያ ውስጥ አይሉም? ለምን ላይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንቺስ ገበያ ላይ አገኘኋት ትዪ የለም? ገበያ ላይ ወጥተሽ ነበር እንዴ?»



አንድ የረሳሁት ነገር አለ። አቦይ ኪሮስ ሠላሳ ዓመት ከመቆፈሪያ ማሽን አጠገብ ስለቆሙ ጆሯቸው ደክሟል። እሳቸው ከአጥሩ ማዶ ቆመው ይጠይቁኛል፤ እኔ ከወዲህ እመልሳለሁ። «አልሰማሁም!» ይላሉ። እደግመዋለሁ። «አልሰማሁም!» ጎረቤት በሩን ከፍቶ ያየናል። ያን ቀን ከግቢው በር ለመውጣት አርባ ደቂቃ ፈጅቶብኛል።

ሰኞና ማክሰኞ

ሰኞ ወደ ሮማናት ወሰዱኝ። ሮማናት የከተማዋ መሐል ነው፤ ሱቁም ካፌውም ታክሲውም እዚያ ይሽከረከራል። አቦይ ኪሮስ አደባባዩን ተሻግረው ከወዲያኛው ጠርዝ ቆሙ። እኔን ከወዲህ ተዉኝ። በመካከላችን ባጃጅ ይተራመሳል።

«ግዴ?» ብለው ጮሁ።

«ና ፕሎሽቻዲ» አልኩ። አደባባይ ላይ ነኝ ማለት ነው። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሕይወቴ መንገድ ላይ ጮሄ አላውቅም። እናቴ ሴት ልጅ ድምፅዋ ከግቢ አይወጣም ብላ ነው ያሳደገችኝ። ትንፋሼን ሰብስቤ «ና ፕሎሽቻዲ!» ስል አንድ የባጃጅ ሹፌር አጠገቤ አቆመ።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ሽማግሌው ምን አደረጉሽ? በምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም። እየተማርኩ ነው።»

«መጮህ ነው የምትማሪው?»

«ሩሲያኛ ነው።»

ሹፌሩ ወደ ማዶ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «በስልክ አይሻላችሁም?» ብሎ ሄደ።

እስከ ስድስት ሰዓት ስጮህ ጉሮሮዬ ደረቀ። ወደ ግራ «ናሌቫ»፣ ወደ ቀኝ «ናፕራቫ»፣ ቀጥታ «ፕርያማ» መሆኑን ግን ደብተር ሳላይ አወቅሁ። ከተሳሳትኩ አቦይ ኪሮስ አያርሙኝም፤ ያልኩትን ብቻ ይፈጽማሉ። ቀኝ ማለት ፈልጌ ግራ ስል ወደ ግራ ሄደው አንድ ጫማ ቤት ውስጥ ገቡና አልወጣም አሉ። አደባባዩን ዞሬ ሄጄ «ከሱቅ ወደ መንገድ ይውጡ» ብዬ በትክክል እስክናገር ድረስ ከባለሱቁ ጋር ስለ ጫማ ሶል ሲያወሩ ቆዩ።

ማክሰኞ ደግሞ እዚያው ስንመለስ ያ ሹፌር ከጓደኞቹ ጋር ጠበቀኝ። «ግዴ!» ብሎ ጮኸ። ጓደኞቹ ሳቁ። መሬት ብትከፈት በገባሁ። ግን ሳላስበው አፌ መለሰ፤ «ና ፕሎሽቻዲ!» አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አንዱ «ኩዳ?» ይለኛል፤ እኔም የምሄድበትን እነግረዋለሁ። ምን እንዳልኩት አያውቅም፤ «ጽቡቕ!» ይለኛል። ደህና ነው እንደማለት ነው።

ረቡዕ

በታክሲ ቃላሚኖ የሚባለውን ሰፈር አልፈን ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በኩል ሄድን። ፓርኩ ሥራ ከጀመረ ብዙ አልቆየም። የፈረቃ መለወጫ ሰዓት ስለነበር ሴቶች በሰልፍ ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ በዕድሜ የእኔ እኩዮች ናቸው። አቦይ ኪሮስ በአገጫቸው እያመለከቱ «ከየት ናቸው?» አሉኝ። «ከፋብሪካ» አልኩ በሩሲያኛ። «ወዴት?» ሲሉኝ ወደ ቤት የሚለውን ለማለት ከፊቱ የሚለጠፈውን ፈለግሁ።

«ቤት ምንም አይለጠፍበትም» አሉኝ። «ወደ ቤት ዳሞይ ነው፤ ብቻውን። እቤት ዶማ ነው፤ ብቻውን። ሌላው ቦታ ሁሉ በረኛ አለው፤ ወደ ቤትሽ ስትገቢ ግን ማን ይጠይቅሻል?»

ከዚያ ደግሞ የውጭ አገር ከተማ ስም በሩሲያ ፊደል ሲጻፍ በ«ኤ» ካለቀ ጭራው እንደማይለወጥ ነገሩኝ። መቐለም ደሴም አይነኩም። «ሁለቱ ለራሽያ አያጎነብሱም» ብለው ብቻቸውን ሳቁ። ደስ አለኝ። በማላውቀው ቋንቋ ውስጥ የማውቃቸው ሁለት ከተሞች እንዳሉ መቆማቸው አጽናናኝ።

ሐሙስ

በበነጋው ፈተና ስለሆነ ከቤት አልወጣንም። ምሳ ላይ አቦይ ኪሮስ የመጀመሪያው ፈተና እንዴት እንዳለፈ ጠየቁኝ። ለአምስት ቀን አንድም ጊዜ አላነሱትም ነበር። «መምህርቷ ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ፣ መለስኩ፤ ይበቃል ወይስ እንቀጥል አሉኝ፤ ይበቃል አልኩ» አልኳቸው።

«በቅቶሽ ነበር?»

«ኧረ አልበቃኝም። ብዙ አጥንቼ ነበር። ደግመው ይጠይቁኛል ብዬ ነው።»

አቦይ ኪሮስ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ቮልጎግራድ የገባሁ ሰሞን» አሉ፣ «አንድ የክፍሌ ልጅ ቤቱ ወሰደኝ። እናቱ ሾርባ ይዘው መጡና ትበላለህ አሉኝ። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። አይ፣ ጠግቤአለሁ አልኩ። ሾርባውን ይዘው ተመለሱ! በሩን እያየሁ ጠበቅሁ። አልመጡም።»

«ልብ የላቸውም!» አሉ አደይ ለተብርሃን።

«ልብማ አላቸው። አመኑኝ እኮ ነው። ጠግቤአለሁ ያለ ሰው ጠግቧል ብለው ያምናሉ።»

«እንግዳን አምኜ በረሃብ ልግደለው እንዴ?»

«አንቺማ ማንንም አታምኚም።» ወደ እኔ ዞሩ። «መቅደስ፣ መምህርቷ አልጠሉሽም። አመኑሽ። እዚያ የሚጠየቀው አንዴ ነው።»

እጄ ውስጥ ያለው ጉርሻ ቀረ። አምስት ሳምንት ሙሉ የቃላት ጭራ ሳማርር የከረምኩት እኔ፣ የወደቅሁት በጭራ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ ተጀመረ። አደይ ለተብርሃን አንዴ ብቻ ይጠይቁኛል፤ የምፈልገውን ያኔውኑ እናገራለሁ። «ሻይ ትጠጪያለሽ?» አሉኝ። ልማድ ሆኖ ትንሽ ዘገየሁ። «ጠጪ እንጂ!» አሉኝ።

«አንዴ ብቻ ተባለ!» ብለው አቦይ ኪሮስ ጮሁ።

«አንዴ ነው ያልኩ። ሁለተኛው ልመና ነው፣ ጥያቄ አይደለም።»

አራት ጊዜ ሞከርን፤ አራቱንም አደይ ለተብርሃን አበላሹት። በአምስተኛው ከንፈራቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ዝም አሉ፤ እኔም «አዎ፣ እፈልጋለሁ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ስግብግብ የሆንኩ መሰለኝ። ሻዩን ግን ጠጣሁ።

ዓርብ

ፈተናው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ሮማናትን ቁልቁል ከሚያይ ፎቅ ላይ ባለ ኢንተርኔት ቤት አንዲት ጠባብ ክፍልና ላፕቶፕ ተከራየሁ። አቦይ ኪሮስ «አጆኺ!» ብለውኝ፣ አይዞሽ ማለት ነው፣ ወደ ታች ወረዱ።

እኚያው መምህርት ብቅ አሉ። ቀና ብዬ አየኋቸው። የት ነሽ አሉኝ፤ መቐለ ነኝ፣ ክፍል ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ አልኩ። ከየት መጣሽ አሉኝ፤ ከደሴ። የት ትሠሪያለሽ፣ ከቤትሽ ወደ ሥራ እንዴት ትሄጃለሽ። ስለ መቐለ ፋብሪካዎች ስናገር «ላይ» ማለት ሲገባኝ «ውስጥ» አልኩ፤ አረሙኝ፤ ደግሜ በትክክል አልኩት። ድምፄ ከለመድኩት በላይ ስለነበር የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት በሩን ከፍቶ አየኝና መልሶ ዘጋው።

ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይበቃል?» አሉኝ።

አንዴ ነው የሚጠየቀው። «አይበቃም» አልኩ። «እባክዎ፣ ተጨማሪ ይጠይቁኝ።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ፈገግ ያሉ ይመስለኛል። «እሺ። ከመስኮትሽ ምን ይታያል?»

ላፕቶፑን አንስቼ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ሮማናት ሙሉ በሙሉ ወለል አለ። አደባባዩ ላይ መኪኖች አሉ፣ በግራ ካፌ አለ፣ በቀኝ ጫማ ቤት አለ፣ ካፌው በር ላይ አስተማሪዬ ቆመዋል አልኩ። መምህርቷ «የቱ ናቸው?» ሲሉኝ መስኮቱን ከፈትኩና በሙሉ ድምፄ ጮህኩ፤ «አቦይ ኪሮስ! ግዴ?»

ደካማ ጆሯቸው ሰማኝ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እያውለበለቡ «ና ፕሎሽቻዲ!» ብለው መለሱልኝ። ያልጠበቅሁት ግን ከዚያ የመጣው ነው፤ ተርታውን የቆሙት የባጃጅ ሹፌሮች አንድ ላይ «ና ፕሎሽቻዲ!» አሉ። ከላፕቶፑ ውስጥ የሴት ሳቅ ሰማሁ። እኚያ ሴት ዓይናቸውን እየጠረጉ ሌላ ስድስት ጥያቄ ጠየቁኝ። ስድስቱንም መለስኩ። ሰባተኛ ቢኖር ያንንም እመልስ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ውስጥ ደብዳቤው ገባ። ተቀብለውኛል። የተረጋገጠውን የዲግሪዬን ቅጂ በፖስታ በአስቸኳይ እንድልክ ይጠይቃል። አደይ ለተብርሃን ግቢው ውስጥ ሦስት ጊዜ እልል አሉ፤ ጎረቤቶች «ምንድን ነው? ማን አገባ?» እያሉ መጡ። «ቶምስክ ልትሄድ ነው!» አሉ አቦይ ኪሮስ። ቶምስክ የት እንደሆነ ያወቀ አልነበረም፤ ሁሉም ግን ሳመኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፖስታ ቤት እንደተከፈተ ገባሁ። ጠንቃቃ ስለሆንኩ የተረጋገጠውን ቅጂ ከደሴ ይዤው ነበር። አቦይ ኪሮስ ልሸኝሽ ቢሉኝ ብቻዬን እሄዳለሁ አልኳቸው። ፖስታው ላይ አድራሻውን በሩሲያ ፊደል በእጄ ጻፍኩ፤ አገሩን፣ ከተማውን፣ መንገዱን፣ የቤቱን ቁጥር። ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ሠራተኛ ወዲያና ወዲህ አገላብጣ አየችው።

«ይሄን ማንበብ አልችልም። ወዴት ነው የሚሄደው?»

ነገርኳት።

«አልሰማሁሽም፣ ሓፍተይ። ሰው ይጮሃል።»

ከኋላዬ ወደ አሥር ሰው ተሰልፏል። ወደ መስታወቱ ጠጋ ብዬ አድራሻውን ከአገሩ ጀምሬ እስከ ቤቱ ቁጥር፣ ሰልፉ በሙሉ እስኪሰማ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሠራተኛዋ በእኛ ፊደል ከሥሩ ጻፈችና ማኅተሙን መታችበት።